ከጁምዓ እስከ ጁምዓ የቆየው ወተት

ወተት በፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ አረፍ ይበል፣ መልሴ ረጅም ነው። ሌላው ሰው «ሁለት ቀን» ወይም «ሦስት ቀን» ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን መልሱን ለማወቅ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ታምሜአለሁ። ከእኔ የባሰ የከፈለ ሰውም ቤቴ ውስጥ አለ። ስናገር እቆጣለሁ፣ አንዳንዴም እሳደባለሁ፣ ታገሱኝ።

ከድር እባላለሁ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቤቴ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ብዙ አባወራ አንድ በር የምንጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ። ደርግ ወድቆ ንግዱ ሲለቀቅ፣ ዕቃ ከዱባይ መግባት ሲጀምር፣ እኔም እጄ ላይ ትንሽ ሲገኝ መጀመሪያ የገዛሁት ፍሪጅ ነው። በግቢያችን የመጀመሪያው ነበር። ባለቤቴ ዘይነባ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችውና ሰው ሲገባ ቀድሞ እንዲያየው ሳሎን ፊት ለፊት አቆምነው። ወጥ ቤት ማስገባትማ ማን ሊያየው!

ፍሪጁም የእኛ ብቻ አልነበረም። የጎረቤት የበዓል ሥጋ፣ የልጆች ውሃ፣ የአንዱ ሎሚ፣ የሌላው መድኃኒት፣ ሁሉም እሱ ውስጥ ነው። የእትዬ ብርቅነሽ ቅቤ ከላይኛው መደርደሪያ ጠፍቶ አያውቅም። እትዬ ብርቅነሽ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት የሚኖሩ፣ ዘይነባን እንደ ልጃቸው የሚያዩ እናት ናቸው። ቅቤያቸውን ሊወስዱ ይመጡና ወሬ ጀምረው፣ ቅቤውን ረስተው ይመለሳሉ።

ወተቱን የሚያመጣልን አጎቴ ሸምሱ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ በአስኮ በኩል ላም ያረባል። ጁምዓ ጁምዓ ለሶላት ወደ መርካቶ ሲወርድ በጀሪካን ወተት ይዞልኝ ይመጣል። ለእኔ ደግሞ ወተት ነፍሴ ነው። ዘይነባ ግን ሽታው ስለማይስማማት አትቀምሰውም። ስትቀዳልኝ እንኳ ፊቷን አዙራ ነበር።

ፍሪጅ ከመግዛታችን በፊት ዘይነባ ጀሪካኑ ከበር ሲገባ ነበር ከሰል አያይዛ ወተቱን የምታፈላው። ለጤና ብላ አይደለም፣ ካልፈላ ለማግስቱ ስለማይደርስ ነው። ፍሪጁ ሲመጣ ይሄ ቀረ። ለምን እናፈላዋለን? ፍሪጅ አለን! ወተቱ ሳይኮመጥጥ እስከሚቀጥለው ጁምዓ ይደርስልናል። እኛ ደግሞ የተበላሸ ወተት የምንለው የኮመጠጠውን ነው። ካልኮመጠጠ ጤነኛ ነው ብለን ነው። አጎቴማ ሲፈላ ካየ ይቆጣ ነበር። «ነፍሱን አውጥተህ ምኑን ልትጠጣው ነው? ጥሬው ነው ኃይሉ» ይለኛል።

በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር። ስትመለስ ኃይሏን ጨምራ ዕቃ ታቃጥላለች ስለሚባል፣ ፍሪጄ እንዳይቃጠልብኝ ማታ ማታ ሶኬቱን እነቅላለሁ። «ሞተሩ ይረፍ» እላለሁ፣ የሞተር ሰው ነኝ ባዩ። ጠዋት እሰካዋለሁ። በሩን ስከፍተው ቀዝቀዝ ያለ አየር ፊቴን ከነካኝ በቃኝ።

መጀመሪያ ያመመኝ ወገቤን ነው። ካምቢዮ ሳነሳ የተቀጨሁ መስሎኝ ችላ አልኩት። ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ፀሐይ ላይ ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ፣ ቤት ገብቼ ስተኛ ደግሞ ላቤ አንሶላውን ያርሰዋል። ጠዋት ስነሳ ምንም እንዳልሆንኩ ነኝ። ይሄ ነገር ሰው ያሞኛል። ጠዋት ጠዋት ዳንኩ እያልኩ ሱቅ እከፍታለሁ፣ አስር ሰዓት ሳይሆን በካርቶን ላይ ጋደም ብዬ ደንበኛ ይቀሰቅሰኛል።

የሰፈራችን ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ። «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አለኝ ሐኪሙ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

አንዱ እንኳ ይበቃ ነበር! ካፕሱል ሰጠኝ። ስውጠው ትኩሳቱ ይተወኛል፣ ሳቆመው ይመለሳል። ተመልሼ ስሄድ ሌላ ካፕሱል ተሰጠኝ። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ «ኩላሊት ነው፣ ውሃ ጠጣ» ተባልኩ። ውሃ ጠጣሁ። እትዬ ብርቅነሽ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አጠጡኝ። እሱንም ጠጣሁ። ከዚያ የሳንባ ሳይሆን አይቀርም ተባለና ራጅ ተነሳሁ፣ አክታ ሰጠሁ፣ ምንም አልተገኘም። ይኼ «ምንም የለብህም» የሚሉት ነገር እንዴት ያናድዳል! ምንም ከሌለብኝ ይሄን ያህል ምን እየበላኝ ነው?

ወረፋ ስጠብቅ የዋልኩባቸውን አግዳሚዎች አልረሳቸውም። መደገፊያ የላቸውም። ለወገብ ሕመምተኛ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ የሠራውን ሰው አላህ ይይለት። አንድ ቀን አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አጣጥፋ በእኔና በግድግዳው መሃል አስገባችልኝ። እሷ ራሷ ልጅ አዝላ ነበር የምትጠብቀው። ዛሬም ባገኛት አላውቃትም፣ ግን ዱዓ ሳደርግ አስታውሳታለሁ።

እና ልብ በሉልኝ፣ ሐኪሞቹም፣ ጎረቤቱም፣ አጎቴም ባይስማሙ ባይስማሙ አንድ የሚስማሙበት ነገር ነበር። ሁሉም «አቅም እንድታገኝ ወተት ጠጣ» ይሉኛል። አጎቴ ትንሹን ጀሪካን ትቶ በትልቁ ያመጣልኝ ጀመር። እኔም እጠጣለሁ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ።

ከሳሁ። ሱሪዬን በሲባጎ ማሰር ጀመርኩ። በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ከሳ፣ አተኮሰው፣ ላብ በላብ ሆነ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስሙን እንኳ አንጠራውም ነበር፣ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። ከየሰፈሩ ሰው እየለቀመ ይወስድ ነበር። ለምን አልተመረመርክም ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ያን ዘመን ረስታችሁታል። መድኃኒቱ ገና ለሰው አልደረሰም፣ አለብህ ከተባልክ መጠበቅ ነው። የፀጉር ቤቱን ምላጭ አስባለሁ፣ የክሊኒኮቹን መርፌ አስባለሁ፣ ከዚያ ባላውቅ ይሻለኛል እላለሁ። የፈራሁት ደግሞ ለራሴ ብቻ አልነበረም። ዘይነባ አርግዛለች። ስንት ዘመን ጠብቀን፣ ስንቱን ሐኪምና ስንቱን ሼህ ደጅ ጠንተን ያገኘነው የመጀመሪያ ልጅ ነው። እኔ ካለብኝ እሷስ? እሷ ካለባት እሱስ? ሌሊት ላቤን እየጠረግሁ የማስበው ይሄንን ነበር።

ሰው ሲያማኝ በጆሮዬ አልሰማሁም። በፍሪጁ ነው ያወቅሁት። አንድ ቀን የልጆቹ ውሃ ወጣ። ሌላ ቀን ሎሚው የለም። መድኃኒቱን ያስቀመጠው ጎረቤት «ከእንግዲህ ቀዝቃዛ ቦታ አያስፈልገውም አሉኝ» ብሎ ወሰደ። በመጨረሻ እትዬ ብርቅነሽ መጡ።

«ዘይኑ፣ ቅቤዋን ልውሰዳት መሰለኝ። ለእህቴ ልጅ ልልክላት ነው።»

«ይውሰዱ እትዬ» አለች ዘይነባ።

በዚያ ቀን ወሬ አልጀመሩም፣ ቅቤውንም አልረሱም። ፍሪጁ ውስጥ የቀረው የእኔ ወተት ብቻ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከበሩ ላይ በርጩማ አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። ብርጭቆዬን ይዤ ግማሹን ጠጥቼዋለሁ። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ልብስ ያጥባሉ። ዘይነባ ባልዲ ይዛ ስታልፍ እትዬ ብርቅነሽ ጠጋ አሏትና ቀስ ብለው፣ ግን እኔ እስክሰማ ድረስ፣ «ልጄ፣ ብርጭቆውን ለይተሽለታል አይደል? ለሆድሽ ፍሬ አስቢ እንጂ» አሏት። ክፉ ሴት አይደሉም። ለእሷ ብለው ነው። ግን ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ዘይነባ ለታላቅ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ባልዲውን አስቀመጠች። ወደ እኔ መጣችና ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች። ግቢው ሁሉ እጁን ከመዘፍዘፊያው አውጥቶ ያያል። ያቺ ወተት የማትወድ ሴት፣ ሽታው የሚያጥወለውላት ሴት፣ እኔ በጠጣሁበት በኩል አፏን አድርጋ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይኸው እትዬ» አለች አፏን እየጠረገች። «እንዲህ አድርጌ ነው የለየሁለት።»

ሴቶቹ ወደ እጥበታቸው ጎንበስ አሉ። ወላሂ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተወድጄ አላውቅም።

በዚያው አላቆመችም። እልኸኛ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ብርጭቆዬን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ግማሹን እሷ ግማሹን እኔ። አፍንጫዋን ይዛ ነው የምትጠጣው። «ተይ፣ ይበቃል፣ አይተውሻል» ስላት «ገና አላዩም» ትለኛለች። አንዳንዴም እንስቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ የሳቅንባቸው ቀኖች እነሱ ናቸው።

ከዚያ እሷንም ወገቧን አመማት። እርግዝናው ነው አልን። አተኮሳት። ብርድ ነው አልን። ማላብ ስትጀምር ግን ምንም አላልንም። እኔ የማውቀው ላብ ነው። ጠዋት ደህና ሆና ተነሥታ ከሰዓት ስትንቀጠቀጥ ሳያት፣ በቃ አስያዝኳት፣ ገደልኳት አልኩ።

አንድ ቀን ሱቅ እያለሁ ሰው ልከው ጠሩኝ። ስደርስ እትዬ ብርቅነሽ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክከው እጇን ይዘዋል፣ ከወገቧ በታች ያለው ጨርቅ ሁሉ ደም ነው። ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ወሰድናት። ልጃችን አልተረፈም። ወንድ ነበር ብለው ነገሩኝ። ለምን ይነግሩኛል? አልጠየቅኋቸውም እኮ!

ግቢው አሁን የሚፈልገውን ማስረጃ አገኘ። ባል ከሳ፣ ሚስት ከሳች፣ ልጅ ወረደ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ሊጠይቁን የመጡት እንኳ ከበሩ ሳያልፉ «እግዜር ይማራት»፣ «አላህ ያሽራት» ብለው ይመለሱ ነበር። እኔ ደግሞ ማንንም መቆጣት አልቻልኩም፣ እኔም እንደ እነሱ ነው የማስበው።

ሆስፒታል ያየችን ሽበት ያላት ሐኪም ነበረች። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ግን ለማምለጥ የማትመች ሴት ናት። ዘይነባ አልጋ ላይ እንደተኛች እኔን አስቀምጣ ሕመሜን ከጀመረኝ ቀን አንስቶ አስወራችኝ። ሲያልቅ «ሁለታችሁም ደም ትሰጣላችሁ» አለች። የቱን ምርመራ እንደሆነ ገባኝ። እምቢ ልል ነበር። ዘይነባ ከአልጋው ላይ ሆና «ይመርምሩን» አለች። «ከዚህ በኋላ ምን እንዳይመጣ ነው የምትፈራው?»

ውጤቱን ስንጠብቅ ያለፈውን ጊዜ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከፊታችን አንድ ወጣት ልጅ ተጠርቶ ገባ፣ ሲወጣ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ነው የወጣው። ከዚያ እኛ ተጠራን።

«ሁለታችሁም ነጻ ናችሁ» አለች ሐኪሟ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ሱጁድ ወረድኩ፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ። ቀና ስል ግን ንዴቴ መጣ። «ታዲያ ምንድን ነው የሚገድለን?» ብዬ ጮህኩባት። አልተቆጣችም።

«እሱን አብረን እንፈልገው» አለች። «ሕመማችሁ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቤት ምን ትበላላችሁ? ምን ትጠጣላችሁ? ወተትስ?»

«ወተትማ ሞልቶ። አጎቴ ያመጣልናል።»

«ታፈሉታላችሁ?»

«ኧረ ዶክተር!» አልኳት። «ፍሪጅ አለን እኮ!»

በኩራት ነው ያልኩት። ፍሪጅ የሌለን ድሆች አድርጋ እንዳታየን። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ላሟስ? ጨንግፋ ታውቃለች?»

አጎቴ ከጥቂት ወራት በፊት ጀሪካኑን ሲያቀብለኝ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ዘንድሮም ጥጃዋን ጣለችው፣ ዓይን በልቷት ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም «አይዞህ፣ አላህ ይተካል» ብዬው ወተቱን ተቀብያለሁ። ለሐኪሟ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ዘይነባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሌላ የደም ምርመራ ታዘዘ፣ ተገኘም። ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከታመመች ላም በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚገባ ተዋሲያን ነው። ላሟን ያስጨነግፋታል። ያረገዘች ሴትም ከያዛት ጽንሷን ሊያስወርዳት ይችላል። ሰውን አንዴ ያተኩሳል፣ አንዴ ይተዋል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ታይፎይድ ይመስላል፣ የሳንባም ይመስላል፣ ያንንም በሽታ ይመስላል። ካፕሱሎቹ ትንሽ ያስታግሱልኛል፣ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ በየቀኑ ሌላ እጨምርበታለሁ። «ፍሪጅ ወተቱ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያደርጋል እንጂ ይሄን ተዋሲያን አይገድለውም» አለችኝ። «እንዲያውም አቆይቶ ነው የሚሰጥህ። የሚገድለው እሳት ነው።»

በዚያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት፣ ስንት ቀን ይቆያል ብዬ። በደንብ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ከገባና ፍሪጁ ካልተነቀለ ሁለት ሦስት ቀን አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ከዋለ ወይም ካደረ ግን አይታመንም። ደግሞ ምላስህን አትመን፣ ሳይኮመጥጥም ይገድላል አለች። ይኸው መልሱ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሕክምናው ረጅም ነው። ለሳምንታት የሚዋጥ ካፕሱል፣ ከእሱ ጋር መርፌ። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም፣ ካቋረጡት ይመለሳል። መርፌ መወጋቱ ቀላል ነበር። የሚከብደው ከመርፌው መልስ ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተን፣ ለልጁ የገዛነውን ብርድ ልብስ ማንም ሳያነሳው ጥግ ላይ እያየን መዋል ነው። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሱሪዬ ሲባጎ መፈለጉን ተወ። ወገቤ ግን ዛሬም ክረምት ሲሆን ያስታውሰኛል።

አጎቴ መጀመሪያ አላመነም። «አያቴም አባቴም ጠጥተውት ነው ያደጉት» ብሎ ጮኸብኝ። በኋላ የእንስሳት ሐኪም አምጥቶ ላሟን አስመረመራት። አለባት። እንዲያስወግዳት ተነገረው፣ አስወገዳት። አሁን ለጁምዓ ሲመጣ ባዶ እጁን ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። ዘይነባ «አጎቴ፣ ይጨመርልዎ?» ስትለው ቀና ብሎ አያያትም።

እትዬ ብርቅነሽም ነገሩን ሰምተው መጡ፣ ቅቤያቸውን በሳህን ይዘው። እኔ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር፣ ብዙ ዘመን ያሰብኩበት። ዘይነባ ቀድማኝ ተነሣች። ሳህኑን ተቀበለቻቸውና ፍሪጁን ከፍታ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከድሮው ቦታው አስቀመጠችው። እትዬ ብርቅነሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው በሩ ላይ አለቀሱ። እኔም ስድቤን ዋጥኩት።

ሐኪሟ ሌላ ልጅ ማርገዝ ትችያለሽ ብላታለች። እስካሁን አልመጣም።

በቅርቡ ነው፣ ዘይነባ ወተት ታፈላለች፣ ከሱቅ የተገዛ ወተት ነው። አሁን አትጠጣም፣ ለእኔ ብቻ ነው የምታፈላው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ ልጠይቃት ፈልጌ የተውኩትን ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ብርጭቆዬን ነጥቀሽ ስትጠጪ እንደሌለብኝ እርግጠኛ ነበርሽ አይደል?»

እኔ እስካሁን የኖርኩት በዚያ ነው። ዓለም ሁሉ ሲጠረጥረኝ ሚስቴ አልጠረጠረችኝም እያልኩ።

«አይ» አለችኝ። «አለብህ ብዬ ነበር። አንተ ካለብህ እኔም ላይቀርልኝ ምን አስፈራኝ፣ ብቻህን አትጠጣ ብዬ ነው።» ወተቱን አማስላ ቀና ብላ አየችኝ። «ብርጭቆውን ነው ደፍሬ የጠጣሁት፣ ከድር። ወተቱን ማን ጠረጠረው?»

ከዚያ ወተቱ ሊገነፍል ሲል ተነሥታ እሳቱን ቀነሰችው።